ፍራሽዎን ገልብጠው አይተው ያውቃሉ?

አንባቢ ሆይ፥ ንባብዎን ከመቀጠልዎ በፊት አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እባክዎ ይነሡና የሚተኙበትን ፍራሽ በአንድ ጠርዙ ከፍ አድርገው እጅዎን ከሥሩ ይስደዱ። ደረቅ ሆኖ ካገኙት እግዚአብሔር ይመስገን፤ ወደ ሌላው ገጽ ሊያልፉ ይችላሉ። እርጥብ ከሆነ፥ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካዩበት ግን ጨዋታችን ከእርስዎ ጋር ነው።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለበጥሁት ደብረ ታቦር ለማስተማር በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፥ በሐምሌ ወር ነበር። ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ አጠገብ አንዲት ወለሏ ሲሚንቶ የሆነ ክፍል ተከራይቼ፥ የአልጋ መግዣው ገንዘብ ወደ መጻሕፍት ስለ ሄደ፥ የስፖንጅ ፍራሼን መሬት ላይ ዘርግቼ እተኛ ነበር። እንዲያውም ብልህ የሆንሁ መስሎኝ፥ የመሬት እርጥበት እንዳይወጣብኝ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፌ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፍራሹ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተኝ። ባነሣው ከላስቲኩ በላይ ውሃ ተኝቷል! መጀመሪያ ቆርቆሮውን ጠረጠርሁ፤ ኮርኒሱ ግን ደረቅ ነው። ቀጥሎ ወለሉን ጠረጠርሁ፤ ከላስቲኩ በታች ያለው ሲሚንቶም ደረቅ ነው። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?

ነገሩን ለአከራዬ፥ ለእትዬ ባሳያቸው፥ «ልጄ፥ መሬት ላይ ምን አስተኛህ? መሬት የሚተኙት ሲሞቱ ነው» ብለው ሣቁብኝ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ለተማሪዎቼ ስለ ጤዛ አመጣጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርሁ የፊዚክስ አስተማሪ እንደ ሆንሁ ለማንም አልተናገርሁም።

ውሃው የመጣው ከራሴ ነው። ሰው ሳያልበው እንኳ በቆዳውና በትንፋሹ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ያወጣል። ሌሊት ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ተን ሆኖ በአንሶላው በኩል ወደ ፍራሹ ይሰርጋል። አሁን ቁጥሩን እንመልከት። 30 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም የሚደርስ የውሃ ተን ሊሸከም ይችላል። ይኸው አየር ወደ 12 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን የሚሸከመው 11 ግራም እንኳ አይሞላም። ትርፉን የት ያድርሰው? ባገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ይጥለዋል። በማለዳ በሣር ላይ የምናየው ጤዛም፥ የቀዘቀዘ ጠርሙስ የሚያልበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስፖንጅ ደግሞ ሙቀትን ስለሚከለክል፥ ላዩ ከእኛ ጋር ሲሞቅ ታቹ ከሲሚንቶው ጋር ይቀዘቅዛል። ተኑ ግን አይከለከልም፤ አልፎ ይወርዳል። የእኔ ላስቲክ የወረደውን ተን አጠራቅማ ጠበቀችኝ።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጀርባዋ ያለው የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ክረምቱ ብርድና ጭጋግ፥ ፀሐዩም ብርቅ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ከገጠር መጥተው በየክፍሉ ሁለት ሦስት ሆነው ፍራሽ መሬት ላይ የሚያነጥፉ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ሻጋታ አስም ላለበት ልጅ ክፉ ጠላት ነው። በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሲስል አድሮ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሳይ ከመቈጣቴ በፊት የት እንደሚተኛ መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

የሚገርመው፥ አባቶቻችን መድኃኒቱን ያውቁት ነበር። የጠፍር አልጋ ምንድን ነው? በአራት እግር የቆመ የእንጨት አግዳሚ፥ በላዩም በጠፍር የተጠላለፈ መረብ ነው። አየር ከታች እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ ጀንዲውም ሆነ ፍራሹ ቀዝቃዛ መሬት አይነካም። እርግጥ ነው፥ ለትኋንም የሚመች ቤት ነው፤ ያንን አልክድም። በዘመቻ በድንኳን የሚያድር ሰውም ቢሆን ሣርና ቅጠል ጐዝጉዞ ነበር አጎዛውን የሚዘረጋው። ዛሬ በሌላው ዓለም ድንኳን በመኪናቸው ጣሪያ ላይ ተክለው የሚያድሩ አገር ጐብኚዎች በዚሁ ነገር ይቸገራሉ፤ የድንኳኑ ወለል ከሥሩ በሌሊት ነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ፍራሻቸው ከታች ይረጥባል። ለዚህም የሚሆን፥ አየር የሚያሳልፍ መረብ መሰል ምንጣፍ ተሠርቶ ይሸጥላቸዋል። የጠፍር አልጋ የልጅ ልጅ ማለት ነው!

ጋፋትም ራሱ ስለ እርጥበት የሚያውቀው ነገር አለው። በ1850ዎቹ ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሠሪዎች ይሠሩ የነበረው እዚህ ኮረብታ ላይ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖልም ከዚህ የወጣ ነው። የቀለጠ ነሐስ በደንብ ባልደረቀ ቅርጽ ውስጥ ቢፈስ፥ ውሃው በቅጽበት ተን ሆኖ የቀለጠውን ወደ ሠራተኛው ፊት ይረጨዋል። በዚያ ሥራ እርጥበትን መናቅ ፊትን ማቃጠል ነበር። እኛ ፍራሽ ብቻ በማበላሸታችን ዕድለኞች ነን።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት እንመለስ። በመጀመሪያ ውሃው ከመሬት ይምጣ ከእርስዎ ይለዩ። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ባዶው ወለል ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ይለጥፉና አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይተዉት። ከላስቲኩ በታች ውሃ ካገኙ ከመሬት የመጣ ነው፤ ከላይ ካገኙ ከክፍሉ አየር ነው። ከመሬት ከሆነ ላስቲኩ ይጠቅማል፤ ግን ከፍራሹ ጋር መነካካት የለበትም። በሁለቱም መንገድ ዋናው ነገር ርብራብ ነው። እኔ ከባሕር ዛፍ ጣውላ፥ በየመካከሉ ሁለት ጣት ክፍተት እየተዉሁ፥ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ አሠራሁ። ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ ይበል። ጠዋት ሲነሡ አልጋዎን ወዲያው አያንጥፉ፤ ብርድ ልብሱን ገልጠው፥ ፍራሹን በጎኑ አቁመው ወደ ሥራ ይሂዱ። ብርድ ቢሆንም መስኮቱን ለጥቂት ጊዜ ይክፈቱት። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ወደ ደጅ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ። ክፍሉን ለማድረቅ ብለው የከሰል ማንደጃ አስገብተው፥ በርና መስኮት ዘግተው እንዳይተኙ። የከሰል ጭስ ባይታይም፥ ባይሸትም ይገድላል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ነው የሚወስደው። ከዚያ ይልቅ እርጥብ ፍራሽ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

እትዬ ርብራቡን መጥተው አዩልኝ። በእጃቸው ወዝወዝ አድርገው ጥንካሬውን ከመረመሩ በኋላ፥ «ደግ፤ አሁን ደግሞ እግር ብታበጅለት አልጋ ይሆን ነበር» አሉኝ። ለመስከረም ደመወዝ ቀጠሮ ይዤለታለሁ።