ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ፦ የራስን ታሪክ በራስ ካሜራ

የፊልም ነገር ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ተዋናዩ ነው። ሲተኩስ፣ ሲጋልብ፣ ሲያለቅስ የምናየው እሱን ነዋ! ነገር ግን ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ማንን እንደሚያሳይና ምን ያህል ጊዜ እንደሚያሳይ የሚወስን ከበስተጀርባ ያለ ሰው አለ። እሱም አዘጋጁ፣ ማለትም ዳይሬክተሩ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን በታላላቅ የዓለም የፊልም በዓላት የተሸለሙትን የአገራችንን ዳይሬክተር፣ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን የሥራ ጉዞ ባጭሩ እናቀርባለን። (“ዓ.ም.” ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የቴአትር ደራሲ ነበሩ፤ በየገጠሩ እየዞሩም ተውኔት ያሳዩ ነበር። ስለዚህ ልጃቸው ከመድረክ ጋር የተዋወቁት ገና በቤታቸው ነው ማለት ይቻላል። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በመጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ቴአትር አጠኑ፤ ከዚያም በ1970 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ገብተው ፊልም ተማሩ። በዚያን ጊዜ በዚያ ትምህርት ቤት የነበሩ ጥቁር ተማሪዎች ሆሊውድ ጥቁርን ሰው በሚያሳይበት መንገድ አልረኩም ነበርና የራሳቸውን ፊልም መሥራት ጀምረው ነበር። ኃይሌም ከእነዚሁ አንዱ ሆኑ።

በ1974 ገና ተማሪ ሳሉ ወደ አገራቸው መጥተው “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” የተባለውን ፊልም ቀረጹ። ጊዜው የንጉሡ መንግሥት የሚናወጥበት ወቅት ነበር። ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው! ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚታዩትም ሰዎች በትወና ሙያ ያልሠለጠኑ ናቸው። ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብና የባለመሬቱ ታሪክ ነው። ባለመሬቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ቤተሰቡ ያርሳል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ያጭዳል። ከበበ የሚባል መሬቱን የተነጠቀ ሰው ደግሞ አለ፤ እብድ ነው ይሉታል፣ እውነቱን የሚናገረው ግን እሱ ነው። ካሜራው አይቸኩልም። በሬው፣ ሞፈሩ፣ የገበሬው እርምጃ ረጅም ጊዜ ይታያል። ይህም ያለምክንያት አይደለም፤ ተመልካቹ የሥራውን ክብደት በጊዜው ርዝመት እንዲያውቀው ነው። ፊልሙ በ1976 ስዊዘርላንድ፣ ሎካርኖ ላይ ተሸለመ።

እዚህ ላይ ከብቸናና ከሞጣ ለመጣን እጩ መምህራን አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ፊልሙ የሚያሳየው ጭሰኛን ነው። በእኛ በጎጃም ግን አብዛኛው ገበሬ ባለርስት ነበር። ሆኖም በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የሞጣና የብቸና ገበሬ “ዛሬ ግብር፣ ነገ ርስቴን!” ብሎ ሠግቶ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦር እስከማዝመት ደረሰ። እንግዲህ የመሬት ጥያቄ በየአገሩ መልኩ ይለያያል። የጭሰኛው ታሪክ ካሜራ አገኘ፤ የእኛን ግን እስካሁን ከሽማግሌዎች አፍ ሰማነው እንጂ በፊልም አላየነውም።

ቀጥሎ የመጣው ታዋቂ ሥራቸው በ1993 የወጣው “ሳንኮፋ” ነው። ቃሉ የጋና አካኖች ቃል ሲሆን “ተመለስና ውሰድ” እንደማለት ነው። ፊልሙ በዛሬ ዘመን የምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ወደ ባርነት ዘመን ተመልሳ የሚደርስባትን ያሳያል። በበርሊን የፊልም በዓል ቢወዳደርም አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። ታዲያ ምን አደረጉ? አዳራሽ እየተከራዩ፣ የየከተማውን ሕዝብ እያስተባበሩ ራሳቸው አሳዩት። በኋላም ከባለቤታቸው ከፊልም ሠሪዋ ሺሪኪያና አይና ጋር ዋሽንግተን ላይ “ሳንኮፋ” የሚባል የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ከፈቱ።

“ጤዛ” ተሠርቶ እስኪያልቅ 14 ዓመት ፈጀ። ፊልሙ በውጭ አገር ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰ አንበርብር የተባለ ምሁር ታሪክ ነው። መንደሩ ሲደርስ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ያገኛቸዋል። የተማረ ሰው ለወገኑ ምን ይጠቅማል? የፊልሙ ጥያቄ ይኸው ነው፤ የእኛም ጥያቄ ነው። ፊልሙ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካን ታላቅ የፊልም ሽልማት አገኘ።

ኃይሌ ገሪማ ይህን ሁሉ የሠሩት እያስተማሩ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ለአሥርተ ዓመታት ፊልም አስተምረዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን? ገንዘቡና መሣሪያው እስኪሟላ የሚጠብቅ ሰው ታሪኩ ያመልጠዋል። የ1960 ዓ.ም.ን ነገር በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች በየዓመቱ እያለፉብን ነው። እኛ ደግሞ ለልምምድ ማስተማር ወደየገጠሩ እንወጣለን፤ ብዙዎቻችን ስልክ አለን፣ ድምፅም ምስልም ይቀዳል። እንግዲያው ተማሪዎቻችን አያቶቻቸውን እየጠየቁ ስምና ዘመን ለይተው እንዲጽፉና እንዲቀዱ ብናደርግ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የበለጠ መርጃ መሣሪያ ከየት ይገኛል? ፊልም ሠሪው ከመካከላቸው ይወጣ ይሆናል። ባይወጣም እንኳ ታሪኩ ይተርፋል።