ከጋዙ በፊት ቫኪዩሙ

የማቀዝቀዣ መኪና ባለቤት ሳጥኑ አልቀዘቅዝ ሲለው «ጋዝ አልቆበታል፣ ይሞላ» ይላል። ጋዙ ግን እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ አያልቅም፤ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ሲዞር የሚኖር ነው። ቀንሶ ከተገኘ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው።

መንገድ የዚህ ማሽን የቆየ ጠላት ነው። ጥቁር አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሚኒያፖሊስ ውስጥ የመኪና ማቀዝቀዣ ሲሠራ ዋናው ፈተናው ንዝረትን የሚችል ማሽን ማግኘት ነበር። ከጆሴፍ ኑሜሮ ጋር የመሠረተው ድርጅት በኋላ ቴርሞ ኪንግ ተባለ። ዛሬም ከባቱ አበባ ጭኖ ወደ ቦሌ የሚሮጥ መኪና ንዝረቱ መጋጠሚያዎቹን ያላላል፤ ጋዙም በዚያ ይሾልካል።

ቧንቧው ለጥገና ሲከፈት አየር ይገባል፤ ከአየሩ ጋር እርጥበት። አየሩ ኮንደንሰር ውስጥ እንደ ጋዙ ወደ ፈሳሽነት ስለማይለወጥ ቦታ ይዞ ግፊቱን ያንራል፣ ኮምፕሬሰሩንም ያደክማል። እርጥበቱ ይብሳል። ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ሠርቶ መንገድ ይዘጋል፤ ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ተዋህዶም አሲድ ይፈጥራል። በዘመናዊ ማሽኖች ያለው ሰው ሠራሽ ዘይት ደግሞ ውኃ የመሳብ ጠባይ አለው።

ስለዚህ ሽንቁሩ ተጠግኖ፣ ማድረቂያ ፊልትሩ ተቀይሮ፣ መጋጠሚያዎቹ በደረቅ ናይትሮጅን ግፊት ከተፈተሹ በኋላ ቫኪዩም ፓምፕ ይገጠማል። ለፍተሻው ኦክስጅን ፈጽሞ አይገባም፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚዘጉ ቫልቮችም ክፍት መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ከጀርባቸው ያለው የቧንቧ ክፍል ሳይነካ ይቀራል።

ፓምፑ አየሩን ይስባል፤ ውኃውን ግን አፍልቶ ነው የሚያወጣው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው በደጋ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነው። ፓምፑ ይህንኑ ግፊት እጅግ ዝቅ ሲያደርገው ውኃው ያለ እሳት፣ በጋራዡ ሙቀት ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ይወጣል።

ግፊቱ የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር ሜርኩሪ አንድ ሺሕኛ ነው። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 760,000፣ አዲስ አበባ ላይ 570,000 ገደማ ማይክሮን ይሆናል። ባለሙያው የሚፈልገው 500 ወይም ከዚያ በታች ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ባለ ቀስት ጌጅ ያሳስታል። በባሕር ጠረፍ ሙሉ ቫኪዩም 30 ኢንች ገደማ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ላይ ዜሮ የተደረገ ጌጅ ግን ከ22 ተኩል ብዙም አያልፍም። ቀስቱ 30 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይመሽበታል። ኤሌክትሮኒክ የማይክሮን ጌጅ ግን ከፍታ አያውከውም።

ቁጥሩ 500 ስለደረሰ ብቻ ሥራው አላለቀም። ፓምፑ በቫልቭ ተለይቶ ጌጁ ይጠበቃል። ቁጥሩ ጥቂት ወጥቶ ከቆመ ውስጡ ገና እርጥበት አለ፤ ሳያቋርጥ ከወጣ ሽንቁር አለ፤ ባለበት ከረጋ ደርቋል። እርጥበቱ እንቢ ሲል ደረቅ ናይትሮጅን አስገብቶ እንደገና መሳብ ይረዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ አይነሣም፤ በቫኪዩም ውስጥ ከዞረ ይጎዳል።

ጋዙ የሚሞላው ከዚህ በኋላ፣ በሚዛን ተመዝኖ ነው። በማቀዝቀዣ መኪኖች የተለመደው አር-404ኤ የሦስት ጋዞች ድብልቅ ስለሆነ ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ ይወሰዳል፤ በእንፋሎት ከተቀዳ ምጣኔው ይዛባል። ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 3,900 ጊዜ ያህል ምድርን ስለሚያሞቅም አሮጌው ጋዝ ወደ ሲሊንደር ይሰበሰባል እንጂ ወደ አየር አይለቀቅም።

መኪናውን የሚረከብ ባለቤት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል፦ ማይክሮኑ ስንት ደረሰ? ፓምፑ ከተለየ በኋላስ የት ቆመ? «አንድ ሰዓት ስቧል» የሚለው መልስ የፓምፑን ድካም እንጂ የቧንቧውን ድርቀት አይናገርም።