ምላስን ገልብጦ ሰላምን ማግኘት



በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ያደገ ሰው እንቆቅልሽን ያለ መምህር ይማራል። እራት ተበልቶ፣ ዒሻእ ተሰግዶ ቤተሰብ እሳት ዳር ሲሰበሰብ አንዱ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይቀበላል። መልሱን ያጣ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎጃም የሰምና ወርቅ አገር በመሆኑ ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ልጆች ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁታል።

በዚህ ወር የምናነሳው የእንቆቅልሽን የወረቀት ወንድም፣ በአግድምና በቁልቁል የሚሞላውን የቃላት ጨዋታ ነው። ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ሲሆን፣ ያዘጋጀውም በእንግሊዝ አገር የተወለደው አርተር ዊን ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ እንግሊዞች ሰምና ወርቅ ያለው ዓይነት አወጡለት። ከበድ የሚለው ደግሞ መልሶቹ ሁሉ በአንድ ርዕሰ ጉዳይ የሚተሳሰሩበት ነው።

ይህ ጥበብ ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በ516 ዓመተ ሂጅራ ያረፈው የበስራው አል-ሐሪሪ በታወቀው «መቃማት» መጽሐፉ ውስጥ በአንዱ ምዕራፍ 100 የፊቅህ እንቆቅልሾችን ደርድሯል። ሁሉም የተሠሩት ሁለት ትርጉም ባላቸው ቃላት ነው።

በእኛ ፊደል ጨዋታው የራሱ ክብደት አለው። በላቲን ሳጥኑ የሚይዘው አንድ ተነባቢ ወይም አንድ አናባቢ ነው፤ በአማርኛ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ አግድሙ «ሰ» ቁልቁሉ «ስ» ከሆነ አይጋጠሙም። በሌላ በኩል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት 7 ድምፆች ለጠያቂው መደበቂያ፣ ለፈቺው ቁልፍ ይሆናሉ። የሚከተለውን እንመልከት፦

«በሬ ራሱን ወደ ካዕብ አዙሮ ከተማ ሆነ (2 ፊደል)።»

ሰሙ የሚታረስበት በሬ ነው። «ራሱን» ማለት የመጀመሪያ ፊደሉን ማለት ነው። «በ» ወደ ካዕብ ሲዞር «ቡ» ይሆናል፤ መልሱም ቡሬ ነው። አሁን ረመዳንን ርዕስ እናድርግና አንድ እንጨምር፦

«ተማር፤ ልብህ ወደ ሳድስ ሲወርድ ታፈጥርበታለህ (3 ፊደል)።»

ርዕሱን ያልያዘ ሰው «ታፈጥርበታለህ» የሚለውን ከመፍጠር ጋር አገናኝቶ ይንከራተታል። ርዕሱን የያዘ ግን የጾም መፍቻን ይፈልጋል። የ«ተማር» መካከለኛ ፊደል ወደ ሳድስ ሲወርድ «ተምር» ነው። እንግዲህ መላው ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ከጥያቄው ውስጥ የመልሱን ፍቺ ለይ፤ ቀጥሎ ትዕዛዙን፣ ማለትም አዙር፣ ገልብጥ፣ አውርድ የሚለውን ያዝ፤ በመጨረሻም ያገኘኸውን በርዕሱ መዝን።

ከተምር ሳንርቅ አንድ ሐዲስ እናስታውስ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰሐቦቻቸውን ቅጠሉ ስለማይረግፍ፣ ሙስሊምን ስለሚመስል ዛፍ ጠየቋቸው። ሰዎቹ ሐሳባቸው በበረሃ ዛፎች ላይ ተበተነ። የዑመር ልጅ ዐብዱላህ (ረ.ዐ) የተምር ዛፍ መሆኑ ታውቆት ነበር፤ ነገር ግን በዕድሜ ትንሹ በመሆኑ አፍሮ ዝም አለ። መልሱን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ተናገሩ። በኋላ ለአባቱ ሲነግራቸው ዑመር (ረ.ዐ) መልሱን ተናግሮት ቢሆን ኖሮ ከብዙ ነገር ይበልጥ ይወዱት እንደነበር ገለጹለት።

እስቲ ወደየቤታችን እንመለስ። በታላላቆች ፊት መልሱን እያወቁ ዝም የሚሉ ስንት ልጆች አሉን? «አንተ ምን ታውቃለህ» የተባለ ልጅ በእንቆቅልሽ ብቻ አይደለም ዝም የሚለው፤ በመድረሳም፣ በትምህርት ቤትም፣ ችግር ሲደርስበትም ዝም ይላል። ዑመር (ረ.ዐ) ግን ልጃቸው ቢናገር በወደዱ ነበር።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። በአገራችን ልማድ አገር የተሰጠው ጠያቂ መልሱን ከመናገሩ በፊት ተሸናፊውን በስድብ ያዋርዳል። ይህ ለሳቅ ተብሎ ቢደረግም በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ መሳለቅና በመጥፎ ስም መጠራራት ተከልክሏል። ገንዘብ አስይዞ መወራረድም ቁማር በመሆኑ አይፈቀድም። ስለዚህ እንቆቅልሹ ይቆይ፣ አገሩም ይሰጥ፤ ስድቡ ግን ይቅር። በስድቡ ፈንታ የተሸነፈው ልጅ ቀጣዩን ጥያቄ ይጠይቅ።

ለዚህ ወር የመረጥነው የመጨረሻ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ምላስህን ገልብጥ፤ ራሱን ወደ ግዕዝ መልስ፤ የመንገዱን መድረሻ ታገኛለህ (3 ፊደል)።»

«ምላስ» ሲገለበጥ «ስላም» ነው፤ «ስ» ወደ ግዕዝ ሲመለስ «ሰላም» ይሆናል። ፍኖት በግዕዝ መንገድ ነውና ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም የሚያደርሰን ወደዚሁ ቃል ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊምን የገለጹት ሌሎች ከምላሱና ከእጁ ሰላም የሚሆኑበት ሰው በማለት ነው። በወረቀት ላይ ምላስን ወደ ሰላም መለወጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን የዕድሜ ልክ ልፋት ይጠይቃል።

አንዷን ደግሞ ለእናንተ ትተናል፦ «ጨርቅ ልቡን ወደ ግዕዝ፣ እግሩን ወደ ራብዕ ለውጦ ጾም አስጀመረ (3 ፊደል)።» መልሱን ታላላቆች ለጊዜው ዝም ብለው ከቤቱ ትንሽ ልጅ ይጠብቁ።

ወሏሁ አዕለም።