ከገንፎ ድስት እስከ ማተሚያ መኪና

በጦር ሰፈራችን የቤተሰብ መኖሪያ ውስጥ የሚኖር አንድ አሥር አለቃ ባልደረባ አለን። በግዳጅ ላይ ሳለ መንጋጋው ቆስሎ፣ በሐኪሞች ጥረት ቢተርፍም፣ አጥንቱ እስኪጠና ድረስ እንዳያላምጥ ተከልክሏል። ጉሮሮው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ማኘኩ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ምግቡ አጥሚት፣ የተፈጨ ሾርባና የላመ ሽሮ ሆኖ ቆይቷል። ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ ባለቤቱ በር ላይ ተቀብለው ያጫወቱን ግን ስለ ቁስሉ አልነበረም።

«አዩ መቶ አለቃ፣ ቁስሉስ እየዳነ ነው። ከልጆቹ ጋር መብላቱን ነው እምቢ ያለኝ። እነሱ መሶቡን ሲከቡ እሱ ብርጭቆውን ይዞ ጓዳ ይገባል። እንደ ሕፃን ስጠጣ ልጆቼ አይዩኝ ይላል።»

ከዚያ ቤት ስንወጣ፣ ቀደም ሲል ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል አንብበን የተውነው ነገር ትዝ አለን። ምግብ የሚያትም መኪና መኖሩን ነበር ያነበብነው። ያን ጊዜ የሀብታም አገር ጨዋታ መስሎን ነበር። አሁን ግን እንደገና ፈልገን፣ በጥሞና አነበብነው።

ባለሦስት አውታር ማተሚያ የሚባለው ይህ መኪና በወረቀት ላይ ቀለም አያሳርፍም። በኮምፒዩተር የተነደፈውን ቅርጽ ተከትሎ፣ ከጠባብ ቱቦ የሚወጣ ለስላሳ ነገር በመስመር በመስመር ይዘረጋል። በአንደኛው ድርብ ላይ ሁለተኛውን፣ በሁለተኛው ላይ ሦስተኛውን እየደረበ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለው ዕቃ ይሠራል። ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እንደ ገመድ አድቦልቡላ፣ እየጠመጠመችና እየደራረበች እንስራ ስታቆም ያየ ሰው ነገሩን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። ቱቦውን ወታደሩ አንባቢያችን አፈሙዝ ብሎ ቢጠራው አናርመውም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማንም ሰው በቤቱ ሊገጣጥመው የሚችል የማተሚያ ንድፍ ለሕዝብ አሰራጩ። ከዚያ በኋላ በስሪንጁ ውስጥ በፕላስቲክ ፋንታ ቸኮሌት፣ አይብና የኬክ ክሬም ይሞላበት ጀመር።

ይሁን እንጂ መኪናው የነገሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ጥያቄ «በቱቦው ውስጥ ምን ይግባ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱና ዋጋው ርካሹ ስታርች ነው።

ስታርች ዕፅዋት ለክፉ ቀን የሚያከማቹት ስንቅ ነው። ድንች፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ጤፍና እንሰት ሁሉም በጥቃቅን ቅንጣት መልክ አከማችተውት ይገኛል። በቀዝቃዛ ውሃ ቢበጠብጡት አይሟሟም፤ ከሥር ይዘቅጣል። ቡላ የሚገኘውም ከተፋቀው እንሰት የተጨመቀው ውሃ እንዲሁ ሲዘቅጥ ነው። ውሃው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ግን ቅንጣቶቹ ውሃ እየጠጡ ያብጣሉ። ትክክለኛው ሙቀት እንደ ተክሉ ዓይነት ይለያያል። ሲያብጡም አሚሎስ የተባለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ከውስጣቸው ሾልኮ ይወጣል፤ ባለ ብዙ ቅርንጫፉ አሚሎፔክቲን በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ሲበርድ የወጡት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ ውሃውም በመረቡ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሊቃውንቱ ይህን ጄል ይሉታል። እኛ ገንፎ እንለዋለን።

የማተሚያው ሰዎች ከዚህ ጄል የሚፈልጉት ሁለት የሚቃረኑ ጠባዮችን ነው። በቱቦው ውስጥ ሲገፋ እንዲሳሳና እንዲፈስ ይሻሉ፤ ወጥቶ ሲያርፍ ደግሞ ወዲያው ጸንቶ የሚደረብበትን እንዲሸከም ይሻሉ። ገንፎ ያገነፋች ሴት ለዚህ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ማማሰያው በኃይል ሲዞር ገንፎው ይታዘዛል፤ ማማሰያው ሲተከልበት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። መካከሉ ጎድጎድ ተደርጎ የቀለጠ ቅቤና በርበሬ ሲፈስበት ግድግዳው ካልተናደ፣ ያ ገንፎ ለማተሚያም ይበቃል ማለት ነው። ግድግዳው ከተናደ ደግሞ የባለሙያዋ ስም አብሮ ይናዳል፤ ይህንንም በየአራስ ቤቱ ታዝበናል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የቻይና ተመራማሪዎች ጥናት የድንችን፣ የሩዝንና የበቆሎን ስታርች መርምሮ፣ ከ15 እስከ 25 በመቶ ስታርች ያለው ብጥብጥ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሲሞቅ ለዚህ ሥራ የሚስማማ ሆኖ አግኝቶታል። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣ ሌላ ጥናት ይበልጥ ይመስጣል። ተመራማሪዎቹ የተፈጨ ድንች በማተሚያ ሲያወጡ፣ ስታርች ያልተጨመረበት ቅርጹን አልያዘም። 4 በመቶ የድንች ስታርች የተጨመረበት ቅርጹን ቢይዝም፣ እጅግ ወፍሮ ከቱቦው አልወጣ ብሎ አስቸገረ። 2 በመቶ የተጨመረበት ግን ያለ ችግር ወጣ፤ እንደቆመም ቀረ። ይህን ለጦር ሰፈራችን ወጥ ቤት ኃላፊ ለሃምሳ አለቃው ብንነግረው ከልቡ ስቆ፣ «ዱቄት ሲበዛ እንደሚጓጉል፣ ሲያንስ እንደሚቀጥን ለማወቅ ይህን ያህል መድከም ምን አመጣው?» አለን። የእርሱ እጅ የሚያውቀውን መኪናው የሚያውቀው በቁጥር ሲነገረው ብቻ መሆኑን አስረዳነው። ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ያ መኪና ገና ምልምል ነው» ሲል ፈረደ።

የጠፈርና የጦር ተቋማትም ነገሩን ችላ አላሉትም። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2013 ለረጅም የጠፈር ጉዞ የሚሆን የምግብ ማተሚያ እንዲጠና በቴክሳስ ለሚገኝ ኩባንያ 125,000 ዶላር ሰጥቷል። የአሜሪካ ጦርም በማሳቹሴትስ ናቲክ በሚገኘው የምርምር ማዕከሉ፣ ማተሚያው ለወታደር ስንቅ ይጠቅም እንደሆነ እያጠና መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2014 አስታውቆ ነበር። ሐሳቡ ለእያንዳንዱ ወታደር ሰውነቱ የጎደለውን ለይቶ የሚመጥን ምግብ ማውጣት ነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችንን ሳንሸሽግ እንናገር። በበሶ፣ በዳቦ ቆሎና በኮቸሮ ተራራ ለወጣ ሠራዊት ይህ መኪና ስንቅ ሊሆነው አይችልም። አንድ ሳህን ለማተም 10 ደቂቃ ይፈጃል ብለን ብናስብ፣ 600 ሰው ለመመገብ 6,000 ደቂቃ፣ ማለትም 100 ሰዓት ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት በ12 ሰዓት የተጀመረ ቁርስ ዓርብ ረፋድ በ4 ሰዓት ያልቃል። የሃምሳ አለቃው ጭልፋ ሥራውን አይለቅም።

የመኪናው እውነተኛ ቦታ ሌላ ነው፤ አሥር አለቃችንን ያስታወሰንም ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በገንዘብ የደገፈው አንድ ሥራ፣ ማኘክና መዋጥ ለሚቸገሩ አረጋውያን ምግብ ማተምን ያለመ ነበር። ለእነዚህ አረጋውያን ሥጋውም ካሮቱም አተሩም ተፈጭቶ ሲቀርብላቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ልቁጥ ይሆናል። ዓይን የማይለየውን ምግብ አፍ አይመኘውም፤ በዚህም ብዙዎቹ ከሚያስፈልጋቸው በታች እየበሉ ይከሳሉ። ስለዚህ የላመው ምግብ ጄል በሚፈጥር ነገር ጸንቶ፣ ካሮቱ የካሮት፣ ዶሮውም የዶሮ መልክ ይዞ ይታተም ጀመር። ሲጎረስ ግን ያለ ማኘክ በምላስ ይፈርሳል።

ለዚህ የሚሆን ጥሬ ዕቃ በየጓዳችን ሞልቷል። ጽጌ ገብረማርያምና ፒተር ሽሚት የተባሉ የመድኃኒት ቅመማ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1996 የእንሰትን ስታርች ጠባይ አጥንተው፣ የመድኃኒት እንክብል አያይዞ ለመያዝ እንደሚያገለግል በጽሑፍ አሳይተዋል። የጤፍ ስታርች ቅንጣት ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ የድንቹ እስከ 100 ይደርሳል። የእንጀራ አብሲትም ቢሆን ሌላ አይደለም። ከቡኮው ጥቂቱን በፈላ ውሃ አብስሎ መልሶ መቀላቀል ማለት ጄል ሠርቶ፣ የእርሾውን አየር እንዲይዝ በሊጡ ውስጥ ማሰማራት ነው። እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ የኖሩት ስሙን ሳይጠይቁ ነው።

እናም አንድ እሑድ፣ የአሥር አለቃውን ባለቤትና ሃምሳ አለቃውን ይዘን በወጥ ቤቱ ሙከራ አደረግን። መኪና የለንም፤ ጠንካራ የላስቲክ ከረጢት ጥጉን ቆርጠን እንደ ኬክ ሠሪዎች ተጠቀምንበት። በ1 ሊትር ውሃ 100 ግራም ደረቅ የቡላ ዱቄት ያገነፋንበት እንደ ክረምት ጎርፍ ሳህኑን ሞላው። በ350 ግራም የሠራነው ከረጢቱን ቀደደና በደንብ ልብሳችን ላይ አረፈ፤ ሃምሳ አለቃው ይህን ለማንም ላለመናገር ቃል ቢገባም ቃሉን አልጠበቀም። 200 ግራም የገባበት ግን እንደ ገመድ ወጥቶ አምስት ድርብ ቆመ። ይህን የሚሞክሩ እመቤቶች ጄሉ ለብ እስኪል ይጠብቁ፤ ትኩሱ ቡላ እጅ ላይ ተጣብቆ ክፉኛ ያቃጥላል። የተሠራው የዚያኑ ቀን ይበላ። ካደረ ሰንሰለቶቹ ይበልጥ ተሳስበው ውሃውን ይተፉታል፣ ይደርቃልም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይቀዘቅዝ የቆየ ገንፎ ለተሐዋስያን ምቹ መራቢያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የልጅ አጥሚት ወፍሮ ቀርቦ፣ ማንኪያው ከአፍ ወደ ሳህን ሲመላለስ ቆይቶ ለምን እንደሚቀጥን የጠየቁን እናቶች ነበሩ። በምራቅ ውስጥ አሚሌስ የተባለ ስታርች የሚቆራርጥ ነገር ስላለ ነው። ለጤነኛ ሰው ጉዳት የለውም። መዋጥ ለሚያውከው ሰው ግን፣ ወፍራም የመሰለው ምግብ አፉ ውስጥ ቀጥኖ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህም እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ምራቅ የማያቀጥነው ዛንታን የተባለ ማወፈሪያ ይታዘዛል። ለእርሱ የሚሰጠውን ምግብ የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ ወጥ ቤት አይደለም። የአሥር አለቃችን ሐኪምም ሙከራውን ሰምተው፣ ለእርሱ እንደማይጎዳው አረጋግጠው ነው የፈቀዱት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የባለቤቱ ሆነ። የዶሮ ሥጋ እስኪበታተን ቀቅለው፣ ፈጭተውና በወንፊት አሳልፈው፣ በመረቁ ካገነፉት ቡላ ጋር ለወሱት። ከረጢቱን ከእጃችን ተቀብለው፣ ቀዳዳውን በጣም አስፍተን መቁረጣችንን ነግረውን፣ አዲስ ቆረጡ። ከላይ ወፈር፣ ከታች ቀጠን አድርገው እየደረቡ የዶሮ እግር አወጡ፤ የቁሌቱን መረቅም አለበሱት። እኛ ከሩቅ ሆነን ብናየው ከእውነተኛው አንለየውም ነበር።

ማታ መሶቡ ቀረበ። ትንሿ ልጅ ሳህኖቹን ተራ በተራ ተመለከተችና እግሩ ለአባቷ እንደደረሰው አስታወቀች። አሥር አለቃው ከጓዳው ደፍ ላይ ጥቂት ቆመ። ከዚያ መጥቶ በልጆቹ መካከል ተቀመጠ፣ በማንኪያው ጫፍ ቆረሰ፣ ቀመሰ፤ ወደ ባለቤቱም ዞሮ በርበሬው እንዳነሰ ነገራቸው።