የቮልስ ሞተር በግቢ ሲወርድ

በቂርቆስና በካዛንቺስ የቆዩ ግቢዎች፣ ዘይት በጠጣ ሲሚንቶ ላይ የኋላው ተነሥቶ የቆመ ቮልስ ማየት ብርቅ አልነበረም። የሌላውን መኪና ሞተር ለማውረድ ጋራዥና ማንጠልጠያ ሰንሰለት ያስፈልጋል። የቮልስን ግን ባለቤቱ ራሱ፣ አንድ ጎረቤት አግዞት፣ ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ ያወርደዋል።

ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለውም፤ የሚፈታ የውኃ ቱቦም የለም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። አካሉ በአብዛኛው ከቀላል ብረት የተሠራ በመሆኑ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘውም በአራት ብሎን ብቻ ነው። በየካቲት 1964 ዓ.ም. ቮልስ በተመረተ ብዛት የፎርድን ሞዴል ቲ በለጠ፤ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ምርቱ ሲያበቃ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

የአዲስ አበባ ባለ ቮልስ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ሲለብስ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያው ስስ አየር በመሆኑ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ እንደ ዋዛ ሊታይ አይገባም። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞውም ማራገቢያውም አብረው ይቆማሉ፤ ያኔ ቀይ መብራት ይበራል። በዚያ መብራት እስከ ቤት እደርሳለሁ ብሎ መንዳት ሞተሩን መግደል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከታች ያለውን ትልቁን ፑሊ ጨብጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትና መሳብ ያስፈልጋል። ጤነኛ ሞተር የሚላወሰው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ እጅ እምብዛም አይሰማውም። ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ የተበላው የዋናው ዘንግ ብሮንዚና ወይም መቀመጫው ነው፤ ያ ከሆነ ሞተሩ ለሁለት ተከፍሎ ቶርኖ ቤት መሄዱ አይቀርም። ድምፅ ከሌለና ጉልበት ብቻ ከቀነሰ ግን የቫልቩን ክፍተት ማየት ይቀድማል። በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ለዚህ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም፤ ይህን ሳያዩ ማውረድ የባለቤቱን ገንዘብ ማባከን ነው።

ማውረድ ግድ ከሆነ ሥራው ከኋላ ወንበር ሥር ባለው ባትሪ ይጀምራል፤ መጀመሪያ እሱ ይነቀላል። ከዚያ የዲናሞና የኮይል ሽቦዎች፣ የቤንዚን መስጫው ገመድና የማሞቂያው ገመዶች ይፈታሉ፤ የቤንዚን ቱቦውም ተነቅሎ ይደፈናል። በ17 ቁጥር መፍቻ ከታች ሁለቱ፣ ከላይ ሁለቱ ብሎኖች ይወጣሉ። ከላይ ካሉት አንዱ ከማራገቢያው ቤት ጀርባ ስለተደበቀ በዓይን ሳይሆን በእጅ ዳሰሳ ነው የሚገኘው፤ ትዕግሥት የሚፈትነውም እሱ ነው። ክሪክ ከሥሩ ገብቶ ሞተሩን ከደገፈ በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ከካምቢዮው ዘንግ ሙሉ በሙሉ ሳይላቀቅ ዝቅ ካለ ዘንጉንም የፍሪሲዮኑን ዲስክም ያጣምማል። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ማንም ከሥሩ መግባት የለበትም፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልገዋል።

ከወረደ በኋላ ነው የዚህ ሞተር ደግነት የሚታየው። ሲሊንደሮቹ በአንድ ብረት አልተቀረጹም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል። ፒስተንና ካሚሻ ከነፋሻቸው ሲያረጁ አዲስ ይገጠማል፤ ሲሊንደር ማስፋት አያስፈልግም። ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ የፍሪሲዮኑን ዲስክና የዘንጉን ጎማ አለመቀየር ግን ስንፍና ነው፤ ዋጋቸው ጥቂት፣ እነሱን ብሎ እንደገና ማውረድ ድካሙ ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ግን ግቢ ይፈልጋል። ካዛንቺስ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት የሠሩበት፣ ባለ ግቢ ሰፈር ነበር። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲደርስ ብዙዎቹ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። የጋራ ሕንፃ ማቆሚያ ላይ ሞተር ማውረድ አይመችም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ የኖረው ዕውቀት የሚማሩበት ቦታ እየጠበበ ነው። ስለዚህ ግቢ ያላችሁ ባለ ቮልሶች ሞተር በምታወርዱበት ቀን የሰፈሩን ልጆች ጥሩ፤ መፍቻም አስጨብጧቸው።

ሞተሩን መልሳችሁ ከመግጠማችሁ በፊት ደግሞ የጎማውን የቤንዚን ቱቦ ቀይሩ፤ ማሰሪያውንም አጥብቁ። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በደረቀና በተሰነጠቀ ቱቦ ነው።