ጠረጴዛዋን አትለፏት

ይህን የምነግራችሁ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኜ ነው። በዲሲና በሜሪላንድ በብዙ የገበሬ ገበያዎች የካርድ ማሽን ይዘን የምንቀመጥባት ጠረጴዛ አለች። እናቶቻችን የጎመኑን ዋጋ ጠይቀው፣ «እሳት ነው» ብለው ባዶ ዘንቢል ይዘው ሲመለሱ አያለሁ። የፉድ ስታምፕ ካርዱ ግን ቦርሳቸው ውስጥ ነው።

ገበሬው ራሱ ካርዱን ለምን አይቀበልም? ፉድ ስታምፕ ወረቀት በነበረ ጊዜ ገበሬው ያለ ማሽን ተቀብሎ ኪሱ ይከተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በመላ አሜሪካ ወደ ካርድ ተለውጦ ሲያበቃ፣ መብራትና የስልክ መስመር በሌለበት ሜዳ የሚሸጠው መቀበያ አጣ። መላው አንድ ማሽን ለሁሉም ሆነ። እኛ ጋ ከካርዳችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ታስቆርጣላችሁ፣ በገበያው እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ቶክን ትቀበላላችሁ፤ ገበሬው ገንዘቡን ኋላ ከገበያው ያገኛል።

ዋናው ነገር ጭማሪው ነው። አስር ዶላር ስታስቆርጡ ሌላ አስር የሚጨምርላችሁ ገበያ አለ። ታኮማ ፓርክ ያለው የክሮስሮድስ ገበያ በ2007 ሲጀምር ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ከ2014 ወዲህ የፌደራሉ የእርሻ ሕግም በጀት ይዞለታል። በጭማሪው የሚገዛው አትክልትና ፍራፍሬ ነው። በዋናው ቶክን ግን እንቁላልም፣ ሥጋም፣ ጓሮ የምትተክሉት የቃሪያ ችግኝም ይገዛል። የበሰለ ትኩስ ምግብ አይገዛም። መልስ ስለማይሰጥ ሒሳቡን ሞላ አድርጋችሁ ግዙ።

ሰሌዳው ላይ የማይጻፈውን ደግሞ ልንገራችሁ። የጭማሪው ገንዘብ ተወስኖ የተመደበ ነው፤ ወቅቱ ሳያልቅ ሊመናመን ይችላል። ስለዚህ አትዘግዩ፣ የገበያው ወቅት እንደተከፈተ ኑ። በገበያው ቀን ሊዘጋ ሲል ደግሞ ገበሬው ጎመኑን መልሶ መጫን አይወድም፤ በብዛት የሚወስድ ካገኘ ዋጋ ይቀንሳል።

«ሰው ያየኛል» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ያማል። ግን በብዙ ገበያ በባንክ ካርድ ቶክን የሚገዙም እዚያው ይሰለፋሉ። ከኋላችሁ የቆመው የምን ካርድ እንደያዛችሁ አያውቅም። ገበሬውም ቶክኑን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ያ ገንዘብ ለእሱ ሽያጭ ነው።

ፍልሰታ የሚገባው የሜሪላንድ ቲማቲምና ቃሪያ በሚትረፈረፍበት ሰሞን ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ካርዱን አሳዩንና የምታስቆርጡትን በጣታችሁ ቁጠሩልን፤ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን።