በነጥብ ግራፍ ላይ ያሉ ሁለት ቁጥሮች፦ የክፍልፋይ ልኬቶችን ንባብ በተመለከተ

የነጥብ ግራፍ በአግድም የቁጥር መስመር ላይ ለእያንዳንዱ ልኬት አንድ ምልክት በማኖር የሚሠራ የመረጃ ማሳያ ነው። (የእንግሊዝኛ ስሙ ቃል በቃል ቢተረጎም ነጥቦችን በመስመር ከሚያገናኘው ግራፍ ጋር ስለሚምታታ ይህ ስያሜ ተመርጧል።) በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣው ኮመን ኮር የተሰኘው የትምህርት ደረጃ ግራፉን በሁለተኛ ክፍል በሙሉ ቁጥሮች ያስጀምራል። በሦስተኛ ክፍል ግማሽና ሩብ፣ በአራተኛ ስምንተኛ ይጨመራሉ። በአምስተኛ ክፍል በተለያዩ ቢከሮች ያለው ፈሳሽ እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚደርስ ይጠየቃል። ተማሪ በዚህ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የክፍልፋይ ስሌት ተደርጎ ይወሰዳል። ስሕተቱ ግን ከስሌቱ በፊት፣ በግራፉ ንባብ ላይ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል።

አሥር ቢከሮች ውኃ ይዘዋል እንበል። በ1/8 ሊትር ላይ 2፣ በ1/4 ላይ 3፣ በ1/2 ላይ 4፣ በ3/4 ላይ 1 ምልክት አለ። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ቢከርን፣ ከሥሩ ያለው ክፍልፋይ በውስጡ ያለውን ውኃ ይወክላል። ሁሉም ወደ ስምንተኛ ሲለወጥ 2፣ 6፣ 16 እና 6 ስምንተኛ፣ በድምሩ 30/8 ሊትር ይሆናል፤ ለአሥር ሲካፈል 3/8 ሊትር ይደርሳል።

አንድ ተማሪ 13/80 ብሎ ቢመልስስ? አራቱን ክፍልፋዮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ደምሮ 13/8 አግኝቷል፤ ያንን ለአሥር አካፍሏል። ታሕቱን ማመሳሰሉም ሆነ ማካፈሉ እንከን የለበትም። ምልክቶቹን ለማካፈል ቆጥሯቸዋል፤ ለመደመር ግን ዘንግቷቸዋል። 13/32 ያለው ተማሪ ደግሞ ያካፈለው ለአራት ነው፤ ምልክቶቹን ከነጭራሹ አላነበበም። ለሁለቱም የክፍልፋይ መደመርን እንደገና ማስተማር የሚያውቁትን መድገም ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው እንቅፋት ባዶ ቦታ ነው። በ3/8 እና በ5/8 ላይ ምልክት የለም። እነዚህን ትቶ አራቱን ልኬቶች በእኩል ርቀት የሚደረድር ተማሪ ከ1/8 እስከ 1/4 ያለውን ርቀት ከ1/4 እስከ 1/2 ካለው ጋር እኩል ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው እጥፍ ነው። በዚህ ምሳሌ አማካዩ የሚያርፈው በዚያው ባዶ ቦታ ላይ በመሆኑ፣ «3/8 የያዘ ቢከር የለም» ብሎ ትክክለኛ መልሱን የሚሰርዝ ተማሪ ቢኖር አያስደንቅም።

የአማርኛ ጥያቄም የራሱ ወጥመድ አለው። «ከፍተኛው ልኬት ስንት ነው?» ሲባል ቃሉ ራሱ ዐይንን ወደ ረጅሙ ዐምድ ይመራል፤ ተማሪው 3/4 በማለት ፈንታ 1/2 ወይም 4 ይላል። «ብዙ ውኃ የያዘው ቢከር» እና «በብዙ ቢከሮች የተገኘው መጠን» ብሎ መለየት ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

ፍራንሲስ ከርሲዮ በ1987 የግራፍ ንባብን መረጃውን ማንበብ፣ በመረጃው መካከል ማንበብ እና ከመረጃው ባሻገር ማንበብ ብላ በሦስት ደረጃ ከፍላለች። የቢከሩ ጥያቄ ሁለተኛውን ደረጃ ይጠይቃል፤ 13/80 ግን በመጀመሪያው ላይ ያለ ክፍተት ነው። የመጨረሻውን መልስ ብቻ የሚያርም ፈተና ይህን ልዩነት አያሳይም።

ይህን ዓይነት መልመጃ ወደ እኛ ክፍሎች ለማምጣት የሚሹ ተመራማሪዎች የመለኪያውን ነገር ሊያስቡበት ይገባል። ኢንች በማስመሪያ ላይ በግማሽ፣ በሩብና በስምንተኛ ስለሚከፈል አሜሪካዊው ተማሪ ክፍልፋዩን በቀጥታ ያነበዋል። ሴንቲሜትር የተከፈለው በአሥር ስለሆነ ስምንተኛ በእኛ ተማሪ ማስመሪያ ላይ የለም። ግማሽ ኪሎና ሩብ ኪሎ ግን ቡና ወይም በርበሬ ለመግዛት የተላከ ልጅ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፤ ስምንተኛም ሩቡን ለሁለት በመክፈል ይገኛል። መልመጃው በክብደት ቢዘጋጅና ስሌቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ «ስንት ጥቅል አለ? አንዱ ምልክት ስንት ኪሎ ነው?» ተብሎ በተለያየ ነጥብ ቢጠየቅ፣ የንባቡ ስሕተት ከስሌቱ ስሕተት ተለይቶ ይመዘገባል።